ከአሳል ጨው እስከ ሊቲየም

ሀ. የመግቢያ ጥያቄዎች

ተማሪዎች፣ ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ገበያ የሚሸጠው ጨው ከየት ይመጣል? ከውኃስ ተለይቶ የሚወጣው እንዴት ነው?
2. አንድ ድስት ሙሉ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ቢፈላ ምን ያህል ማገዶ የሚፈጅ ይመስላችኋል?
3. «አንተ ጨው፣ ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያስተምራል?

ለ. ምንባብ

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ በአብዛኛው የሚተላለፈው በወደቦቿ በኩል ነው። ከተማይቱ በባሕር የተከበበች ብትሆንም በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለነዋሪዎቿ ትልቁ ችግር በውኃ መካከል ሆኖ ውኃ መጠማት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ደረቅ አየርና የሚያቃጥል ፀሐይ ከጥንት ጀምሮ አንድ ሀብት ሲሰጥ ኖሯል፤ ይኸውም ጨው ነው። በከተማይቱ ውስጥ ዛሬም «ሳሊን» እየተባለ የሚጠራ ሰፈር አለ። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን የጨው ማምረቻ ቦታ ማለት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የባሕር ውኃ ወደ ሰፋፊና ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች እየተለቀቀ በፀሐይ እንዲተንን ይደረግ ነበር። በገንዳው ወለል ላይ የቀረው ጨውም ተሰብስቦ ለገበያ ይቀርብ ነበር።

ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ በመኪና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ የአሳል ሐይቅ ይገኛል። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ በመሆኑ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ የዘቀጠው ስፍራ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። በስተ ምሥራቅ ካለው የጉቤት ባሕር የሚነሣው ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ እየሰረገ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከዚያም በፀሐይ ኃይል ይተንናል። ውኃው ሲሄድ ጨው ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ አንድ ሊትር የአሳል ውኃ ግን ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ይይዛል። የአፋር ሕዝብ ይህን ጨው እየቆረጠና በግመል እየጫነ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ደጋው ይዞ በመውጣት በእህል ሲለውጥ ኖሯል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወደ ሸዋ ከሚገባው ጨው ብዙው የተጫነው ከአሳል ነበር። ዛሬ ጨው የሚጫንበት ወደብ እ.ኤ.አ. በ2017 በጉቤት ተከፍቷል።

እንግዲህ በአሳል ሐይቅ ላይ ፀሐይ የምትሠራውን ሥራ በቁጥር መመልከት ጠቃሚ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ወደ ተን ለመለወጥ 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ይህም ከ0.67 ኪሎዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ይስተካከላል። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ ምድጃ ቢሆን የማገዶው ሙቀት አብዛኛው ወደ አየር ስለሚባክን አንዱን ሊትር አትንኖ ለመጨረስ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,000 ሊትር ለማትነን ደግሞ 670 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። በዛፍ በተራቆተ አገር ይህን ያህል ኃይል ከማገዶ ማግኘት ዘበት ነው። ፀሐይ ግን ሥራውን ያለ ዋጋ ትፈጽማለች። በቀላል ዘዴ ኃይልን ቆጥቦ ማዕድን ከጨዋማ ውኃ ማውጣት የሚባለው መነሻው ይህ ነው።

ጨዋማ ውኃ ሲተንን በውስጡ የሟሙት ውህዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። እያንዳንዱ የራሱ ተራ አለው። የባሕር ውኃ ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ ጂብሰም መርጋት ይጀምራል። ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ደግሞ የገበታ ጨው ይከተላል። በአሳል ሐይቅ ዳርቻ ጂብሰሙ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ፣ የገበታው ጨው ደግሞ በሰፊ ሜዳ ተነጥፎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። በማዕበል የሚንከባለለው ጨው አንዳንድ ቦታ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ሆኖ ይገኛል። የገበታው ጨው ከረጋ በኋላ የሚቀረው መራራ ውኃ ግን ማግኒዚየምና ፖታሲየም የበዛበት ነው። ከሁሉ ዘግይተው በውኃው ውስጥ ከሚቀሩት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሊቲየም ነው።

ሊቲየም ከብረታ ብረት ሁሉ የቀለለ ንጥረ ነገር ነው። ክብደቱ ተመሳሳይ ይዘት ካለው ውኃ ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1817 ዮሐን አውጉስት አርፍቬድሶን የተባለ ስዊድናዊ ኬሚስት በድንጋይ ውስጥ ስላገኘው ስሙ «ድንጋይ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ወጣለት። ለረጅም ጊዜ ጥቅሙ በመስታወት፣ በሸክላ ሥራ፣ በማለስለሻ ቅባትና በመድኃኒት የተወሰነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ግን ተፈላጊነቱ እየናረ ሄደ። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀብለዋል። የእጅ ስልክም ሆነ የኤሌክትሪክ መኪና የሚንቀሳቀሰው በዚህ ዓይነት ባትሪ ነው። ለአንድ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እንደ መጠኑ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ያህል ሊቲየም ይገባል። ቀድሞ በስሙ ድንጋይ የተባለው ነገር ዛሬ ለራሱ ጣፍጦ ተገኝቷል ማለት ይቻላል።

ሊቲየም ከጨዋማ ውኃ በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች ዋነኛው በደቡብ አሜሪካ፣ በቺሊ አገር የሚገኘው የአታካማ ጨዋማ ሜዳ ነው። አታካማም እንደ አሳል ዝናብ የራቀው ምድር ነው። በዚያ ከመሬት በታች የተከማቸው ጨዋማ ውኃ በአንድ ሊትር ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ያህል ሊቲየም ይይዛል። በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ግን በሊትር የአንድ ግራም አምስት ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። የአታካማው ውኃ በፓምፕ ተስቦ ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ይገባል። ከገንዳ ወደ ገንዳ እየተላለፈ ከ12 እስከ 18 ወራት በፀሐይ ይተንናል። የገበታው ጨውና ሌሎቹ ውህዶች በየተራቸው እየረጉ ይወገዳሉ፤ ሊቲየሙም በቀረው ውኃ ውስጥ እየበዛ ይሄዳል። ማግኒዚየሙ በኖራ ይወገድና በመጨረሻ ሶዳ አሽ ሲጨመርበት ሊቲየም ካርቦኔት የተባለ ነጭ ዱቄት ይረጋል። ከአንድ ኪሎ ግራም ሊቲየም 5.3 ኪሎ ግራም ያህል ሊቲየም ካርቦኔት ይገኛል። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ውህድ ከአብዛኞቹ ጨዎች በተለየ ሁኔታ በሙቅ ውኃ ውስጥ ከቀዝቃዛው ይልቅ በጥቂቱ የሚሟሟ መሆኑ ነው። ስለዚህ ውህዱ እንዲረጋ የሚደረገው ውኃውን በማቀዝቀዝ ሳይሆን በማሞቅ ነው።

ይህ ዘዴ ኃይል ቆጣቢ ቢሆንም ሦስት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ዛሬ የተቀዳው ውኃ ምርት የሚሰጠው ከዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ በውኃው ውስጥ ከነበረው ሊቲየም ግማሽ ያህሉ በየገንዳው ከሚረጉት ጨዎች ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ሦስተኛውና ከባዱ ጉድለት ውኃው ወደ ሰማይ መሄዱ ነው። በበረሃ ውስጥ ከመሬት በታች የሚገኝ ውኃ ሲቀንስ በዙሪያው ያለው ምንጭ፣ ግጦሽና የዱር አራዊት ሊጎዱ ይችላሉ። የዚህ ምሳሌ በኢትዮጵያም አለ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአቢጃታ ሐይቅ ውኃ በገንዳ እየተነነ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሶዳ አሽ ሲመረትበት ቆይቷል። ይህ ሶዳ አሽ ሊቲየምን ለማርጋት ከሚያገለግለው ጋር አንድ ዓይነት ውህድ ነው። ነገር ግን ለሶዳ አሽ በሚቀዳው ውኃ ላይ፣ ወደ ሐይቁ ይገቡ ከነበሩ ወንዞች ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ ተጨምሮበት ሐይቁ በእጅጉ ሸሸ። ዓሣው ሲጠፋ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ወፎችም ቦታውን ለቀው ሄዱ። እንግዲህ ፀሐይ ያለ ዋጋ የምትሠራ ቢመስልም ዋጋውን የሚከፍለው ሐይቁ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሳይንቲስቶች ውኃውን ሳያጠፉ ሊቲየሙን ብቻ መርጠው የሚያወጡበትን መንገድ መፈለግ ጀመሩ። ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ ሊቲየምን እየመረጡ በሚይዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች መጠቀም ነው። ጨዋማው ውኃ ቅንጣቶቹ በተሞሉበት በርሜል መሰል ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ ሊቲየሙ በቅንጣቶቹ ላይ ይያዛል፤ ሌላው ሁሉ ያልፋል። ከዚያም ቅንጣቶቹ በንጹሕ ውኃ ሲታጠቡ ሊቲየሙ ይለቀቃል። የተረፈው ጨዋማ ውኃ ወደ መሬት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ይህ አሠራር በአርጀንቲና በሚገኘው የኦምብሬ ሙዌርቶ ጨዋማ ሜዳ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከገንዳ ጋር ተጣምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሥራው በወራት ሳይሆን በሰዓታት ያልቃል፤ በብዙ ሙከራዎችም ከሊቲየሙ 80 በመቶ የሚበልጠው ተገኝቷል። ነገር ግን ለማጠቢያ ንጹሕ ውኃ፣ ለፓምፕ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል።

በማጠቢያው የተለቀቀው የሊቲየም ውኃ ቀጭን በመሆኑ መጠኑ መቀነስ አለበት። ሁሉንም በእሳት ማትነን እንደማያዋጣ ከላይ ታይቷል። እዚህ ላይ የጅቡቲ ከተማ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በዶራሌ የተመረቀው የባሕር ውኃ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚጠጣ ውኃ እንዲያመርት ተሠርቷል። እንዲህ ባለ ጣቢያ ውኃው አይፈላም፤ በከፍተኛ ግፊት እየተገፋ ጨውን በማያሳልፍ ስስ ማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። በዚህ ዓይነት ዘመናዊ ጣቢያዎች አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ለማግኘት የሚያስፈልገው ኃይል ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ከ670 ጋር ማስተያየት ይገባል። የሊቲየሙን ቀጭን ውኃ በዚሁ ዓይነት ማጣሪያ ማወፈርና የተለየውን ንጹሕ ውኃ ለማጠቢያ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። የጨዋማነቱ መጠን በጨመረ ቁጥር ግን የሚያስፈልገው ግፊት ስለሚበረታ ዘዴው እንደ አሳል ባለ ውኃ ላይ አይሠራም። ለመጨረሻው ደረጃ ማትነን የግድ ከሆነ ከአንዱ ዕቃ የወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን፣ የሁለተኛው ሦስተኛውን እንዲያሞቅ ይደረጋል። አንዱ ሙቀት አራት ጊዜ ቢያገለግል ወጪው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

ሙቀቱንም ቢሆን ምድር ራሷ ልትሰጠው ትችላለች። በአሳል አካባቢ የምድር ቅርፊት ስስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1978 የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የፈነዳው በአሳልና በጉቤት መካከል ነው። በዚሁ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከሚጠልቁት ከነዚህ ጉድጓዶች ከ250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀና በሊትር 116 ግራም ያህል ጨው የያዘ ውኃ ተገኝቷል። ጨዋማነቱ ከባሕር ውኃ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ውኃው ወደ ላይ ሲወጣና ግፊቱ ሲቀንስ የእርሳስና የሌሎች ብረታ ብረት ሰልፋይዶች በቧንቧው ውስጥ እየረጉ መተላለፊያውን አጠበቡት። እ.ኤ.አ. በ1987 የተቆፈረው ሦስተኛው ጉድጓድ ፍሰቱ በጥቂት ወራት ውስጥ እጅግ ቀነሰ። በገንዳ ውስጥ ሲረጋ ሀብት የሚሆነው ማዕድን በቧንቧ ውስጥ ሲረጋ እንቅፋት ሆነ ማለት ነው። በጀርመን የራይን ሸለቆና በአሜሪካ የሳልተን ባሕር አካባቢ ከእንደዚህ ዓይነት ሙቅ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክንና ሊቲየምን አንድ ላይ ለማግኘት ጥረት ይደረጋል። በዚያም ቢሆን የቧንቧ መዘጋት መላ የሚያስፈልገው ችግር ነው።

ይህ ጉዳይ ለጅቡቲም ሆነ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በመስመር የሚመጣ ኤሌክትሪክ ትጠቀማለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በጉቤት 60 ሜጋዋት ያህል የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖችን አስመርቃለች። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም መኪናዎች፣ ባትሪያቸውም ጭምር፣ የሚራገፉት በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በቀንጢቻ የሚገኘው ሊቲየም በድንጋይ ውስጥ ያለ ነው። ድንጋዩን ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ማቃጠል ግድ ስለሚሆን ከድንጋይ የሚወጣው ሊቲየም ከጨዋማ ውኃ ከሚገኘው ይልቅ ብዙ ኃይል ይበላል።

በአጠቃላይ አንድ ዘዴ ቆጣቢ ነው ለማለት የኤሌክትሪኩን ቆጣሪ ብቻ ማየት አይበቃም። የተነነው ውኃ፣ የፈጀው ጊዜ፣ የባከነው ማዕድንና የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ በሚዛን ላይ መቀመጥ አለባቸው። ፀሐይ በነፃ በሚገኝበትና የሚተንነው ውኃ ማንንም በማይጎዳበት ስፍራ ገንዳው የተሻለ ነው፤ የባሕር ውኃ ሳይቋረጥ የሚተካው የአሳል ጨው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ውኃው ተተኪ በሌለው ስፍራ ግን ጥቂት ኤሌክትሪክ አውጥቶ ውኃውን ማትረፍ ይሻላል። በግመል ጨው ይጭን የነበረው የአፋር ነጋዴ ስንቁን፣ ውኃውንና የግመሎቹን ጉልበት አስቀድሞ ሳያሰላ ጉዞ አይጀምርም ነበር። የዛሬው መሐንዲስም ከእሱ የሚማረው ይህንኑ ነው።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች አጥኑ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸውን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባችሁ ጻፉ።

የተቆረቆረች — የተመሠረተች፣ የተከተመች
የዘቀጠ — ወደ ታች የወረደ፣ ዝቅ ያለ
እየሰረገ — በቀጭን መተላለፊያ ወደ ውስጥ እየገባ
መርጋት — ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ተለውጦ መቀመጥ
ዘበት — የማይሆን፣ የማይታሰብ ነገር
ሸሸ — (ለሐይቅ ሲነገር) ከዳርቻው ወደ መካከል አፈገፈገ፣ ጎደለ
ማወፈር — (ለፈሳሽ ሲነገር) ውኃውን ቀንሶ ወፍራም ማድረግ
መላ — ብልሃት፣ ዘዴ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የአሳል ሐይቅ ውኃ ከባሕር ውኃ ይልቅ ጨዋማ የሆነው ለምንድን ነው?
2. በውኃ ውስጥ የሟሙ ውህዶች በየተራ መርጋታቸው ሊቲየም ለሚያወጡ ሰዎች ምን ይጠቅማል?
3. በገንዳ የማትነን ዘዴ ያሉትን ሦስት ጉድለቶች ግለጹ።
4. በአንድ ሊትር 1.5 ግራም ሊቲየም ከያዘ ውኃ 6 ኪሎ ግራም ለማግኘት፣ ምንም ሳይባክን፣ ስንት ሊትር ያስፈልጋል? ግማሹ ቢባክንስ?
5. የአቢጃታ ሐይቅ ታሪክ በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰው ለምን ይመስላችኋል?
6. በአሳል በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የማዕድን መርጋት እንቅፋት የሆነው እንዴት ነው?

ሠ. የቃላት እርባታ

«ቆጠበ» ከሚለው ግሥ ተቆጠበ፣ አስቆጠበ፣ ቆጣቢ፣ ቁጠባ የሚሉት ቃላት ይገኛሉ። በዚሁ ምሳሌ መሠረት «ተነነ»፣ «ጠራ» እና «ረጋ» ከሚሉት ግሦች የሚገኙትን ቃላት ጻፉ። ከመካከላቸው አድራጊውን፣ ተደራጊውንና ስም የሆነውን ለዩ።

ረ. ድርሰት

«ያለ ዋጋ የሚገኝ ኃይል አለን?» በሚል ርእስ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ በአካባቢያችሁ የሚታወቅ አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ እህል ማድረቅን፣ ጨው ማውጣትን ወይም ከሰል ማክሰልን ምሳሌ አድርጋችሁ፣ ሥራው የሚፈጀውን ኃይልና ዋጋውን የሚከፍለውን አካል አስረዱ።